አሮጌው የዛንዚባር ምሽግ፦ ከወህኒ ቤት እስከ ሙዚቃ አደባባይ

በስዋሂሊ ቋንቋ ወህኒ ቤት «ጌሬዛ» ይባላል። የቃሉን ምንጭ ያጠኑ ሰዎች እንደሚያስረዱት፣ ጌሬዛ የመጣው ከፖርቱጋል ቋንቋ «ኢግሬዣ» ከሚለው ቃል ነው፤ ትርጉሙም ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚል ቃል እንዴት ተለውጦ የእስር ቤት መጠሪያ ሊሆን ቻለ? መልሱን ለማግኘት መዝገበ ቃላት ማገላበጥ ብቻውን አይበቃም። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የቆሙትን አሮጌ ምሽጎች መመልከት ያስፈልጋል። ከእነዚህም አንዱ በዛንዚባር ከተማ፣ ከባሕሩ ዳርቻ ፊት ለፊት ይገኛል። ስሙ «ንጎሜ ኮንግዌ» ሲሆን አሮጌው ምሽግ ማለት ነው። ዛሬ ምሽጉ ሕዝብ ተሰብስቦ ሙዚቃ የሚሰማበት ቦታ ሆኗል።

ይህ ጽሑፍ የዚህን ሕንፃ ታሪክ ባጭሩ ካቀረበ በኋላ፣ መምህራንና ተማሪዎች ሊጎበኙት ቢያስቡ እንዴት እንደሚደርሱና ምን ልብ ብለው ማየት እንደሚገባቸው ይገልጻል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምሽጉ ታሪክ

የፖርቱጋሉ መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ ከሕንድ ሲመለስ በ1499 ዛንዚባርን አልፎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ፖርቱጋላውያን የጠረፉን ከተሞች ተራ በተራ በቁጥጥራቸው ሥር አደረጉ። ዛሬ ምሽጉ ባለበት ቦታ ላይም በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ17ኛው መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። በ1698 ዖማናውያን ከረጅም ከበባ በኋላ በሞምባሳ የሚገኘውን የፖርቱጋሎች ታላቅ ምሽግ፣ ፎርት ጂሰስን፣ ያዙ። በዚህም የፖርቱጋል ኃይል በዚህ ጠረፍ ላይ ተሰበረ። ዖማናውያኑ በዛንዚባር ያገኙትን ቤተ ክርስቲያን አፍርሰው ወይም ከግንባታው ጋር አዋሕደው፣ ፖርቱጋላውያን ተመልሰው ቢመጡ የሚከላከሉበትን ምሽግ በ1700 ገደማ አቆሙ። ከጥንቱ ቤተ ክርስቲያን የተረፈው ግድግዳ እስከ ዛሬ ድረስ በምሽጉ ውስጥ ይታያል።

በ19ኛው መቶ ዓመት የዖማኑ ሱልጣን ሰዒድ ዋና ከተማቸውን ወደ ዛንዚባር አዛወሩ። ደሴቲቱ በቅርንፉድ እርሻ፣ በዝሆን ጥርስና በባሪያ ንግድ ከበለጸገች በኋላ ምሽጉ ከጦርነት ይልቅ ለእስር ቤትነት ዋለ። ጌሬዛ የሚለው ቃል ትርጉም እንዴት እንደተለወጠ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ቤተ ክርስቲያኑ ምሽግ፣ ምሽጉ እስር ቤት ሲሆን ሕዝቡ በቀድሞው ስም መጥራቱን አላቋረጠም።

የሕንፃው ታሪክ በዚህ አላበቃም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከከተማው ተነሥቶ ወደ ቡቡቡ መንደር የሚሄድ ትንሽ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ምሽጉ የባቡሩ ማደሪያና መጠገኛ ሆነ። ባቡሩ ከቀረ በኋላ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ ታድሶ የሴቶች ክበብ ተደረገ። በ1990ዎቹ ደግሞ በአንደኛው ግቢው ውስጥ መቀመጫው በደረጃ የተሠራ፣ ጣሪያ የሌለው የትርዒት ቦታ ተሠራበት። ከ1998 ጀምሮ የዛንዚባር ዓለም አቀፍ የፊልም በዓል ምሽጉን ሲጠቀምበት ቆይቷል። በየካቲት 2004 ደግሞ «ሳውቲ ዛ ቡሳራ» የተባለው የሙዚቃ በዓል ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተ፤ ትርጉሙ «የጥበብ ድምፆች» ማለት ነው። ይህ በዓል ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ሙዚቀኞችን በምሽጉ ግቢ ሲያሰባስብ ኖሯል።

የጎረቤቱ ቤተ መንግሥትና የኢትዮጵያ ዝምድና

ከምሽጉ አጠገብ ከእርሱ በጣም የሚበልጥ ሌላ ሕንፃ አለ። ስሙ «በይት አል ዐጃኢብ»፣ ማለትም የድንቆች ቤት ነው። በ1883 ያሠሩት ከ1870 እስከ 1888 የነገሡት ሱልጣን ባርጋሽ ቢን ሰዒድ ናቸው። ይህ ስም የወጣለት ሕዝቡ ከዚያ በፊት ያላያቸው ነገሮች ስለነበሩበት ነው። በዛንዚባር ለመጀመሪያ ጊዜ የኤሌክትሪክ መብራት የበራው በዚህ ቤት ሲሆን አሳንሰርም ተገጥሞለት ነበር።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ተማሪ ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። የሱልጣን ባርጋሽ እናት ሐበሻ ነበሩ። በዚያ ዘመን ከአገራችን ምድር በባርነት ተወስደው በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ በኩል የተሸጡ ብዙ ሰዎች ነበሩ፤ በዛንዚባር ቤተ መንግሥትም ሐበሾች ሴቶች ይኖሩ ነበር። የባርጋሽ እኅት ልዕልት ሳልማ ወደ ጀርመን አገር ሄዳ በ1886 ያሳተመችው የትዝታ መጽሐፍ ስለ ቤተ መንግሥቱ ኑሮ ብዙ ያወሳል። እንግዲህ የድንቆችን ቤት ያሠሩት ንጉሥ ከአገሯ ተነጥላ ባሕር የተሻገረች የአንዲት ሴት ልጅ ናቸው ማለት ነው። ሆኖም በአደባባዩ የቀረው የልጇ ስም ነው። በ1873 በእንግሊዞች ግፊት በዛንዚባር የነበረውን የባሪያ ገበያ የሚዘጋውን ውል የፈረሙትም እኒሁ ባርጋሽ ናቸው። ገበያው በነበረበት ቦታ ላይ የተሠራው የአንግሊካን ካቴድራል ከምሽጉ በእግር ሩቅ አይደለም።

ታራብ የተባለው የዛንዚባር ሙዚቃም ከባርጋሽ ስም ጋር የተያያዘ ነው። በተለምዶ እንደሚነገረው፣ ሱልጣኑ የግብፅን ሙዚቃ ስለወደዱ መሐመድ ኢብራሂም የተባለ ሰው ወደ ካይሮ ልከው ቃኑን የተባለውን ባለ ብዙ ክር መሣሪያ እንዲማር አደረጉ። ይህ ሙዚቃ በመጀመሪያ የቤተ መንግሥት ነበር፤ የሚዘፈነውም በዐረብኛ ነበር። በ1905 «ኢኽዋኒ ሳፋ» የተባለው የሙዚቃ ማኅበር ተቋቋመ። ታራብን ወደ ሰፊው ሕዝብ ያደረሰችው ግን ከገጠር የተወለደችውና ሸክላ እየሸጠች ያደገችው ሲቲ ቢንቲ ሰዓድ ናት። እርሷ በስዋሂሊ ዘፈነች፤ በ1928 ወደ ቦምቤይ ሄዳም ድምፅዋን በሸክላ አስቀዳች። በ1950 ዐርፋለች። ዛሬ በምሽጉ ውስጥ ታራብ ሲሰማ፣ በአንድ ወቅት ለሱልጣን ብቻ ይጫወት የነበረው ሙዚቃ ድሮ እስረኞች በነበሩበት ግቢ ለሁሉም ሰው እየተጫወተ ነው ማለት ነው።

አንዱ ቆመ፣ ሌላው ወደቀ

በነሐሴ 27 ቀን 1896 የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ቤተ መንግሥቱን ደበደቡ። ምክንያቱም የባርጋሽ ልጅ ኻሊድ ያለ እንግሊዞች ፈቃድ ዙፋኑን መያዙ ነበር። ጦርነቱ የፈጀው 40 ደቂቃ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ከዛንዚባር ወገን 500 ያህል ሰዎች ሞተዋል ወይም ቆስለዋል። የድንቆች ቤት ግን ያንን ሁሉ መድፍ ተቋቁሞ ቀረ። ከዚያም የእንግሊዞች ጽሕፈት ቤት፣ በኋላም ሙዚየም ሆኖ አገለገለ።

መድፍ ያላፈረሰውን ሕንፃ የጥገና ማነስ ጎዳው። በ2012 ከጣሪያው አንዱ ክፍል በመፍረሱ ለጎብኚዎች ተዘጋ። በታኅሣሥ 25 ቀን 2020 በእድሳት ላይ እያለ ከፊቱ ትልቅ ክፍል ከነሰዓት ማማው ተደረመሰ፤ ሁለት ሰዎችም ሞቱ። ከተማው ከ2000 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ የገባ ቢሆንም፣ መዝገብ ብቻውን ግድግዳ ሊደግፍ አልቻለም።

ከዚህ ተነሥቶ «ሙዚቃ የሚጫወትበት ቤት ይድናል፣ የተዘጋ ቤት ይፈርሳል» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ነገር ግን ነገሩ እንደዚያ የተቃለለ አይደለም። ምሽጉ ዝቅ ያለና ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ ግቢውም ጣሪያ የሌለው ነው። የድንቆች ቤት ግን ብዙ ፎቅና ሰፋፊ በረንዳዎች ያሉት በመሆኑ የሚፈልገው ጥገና እጅግ የበለጠ ነው። ደግሞም የሕዝብ ብዛት፣ የድምፅ ማጉያ ንዝረትና ለመድረክ የሚተከል ብረት አሮጌ ግድግዳን ሊጎዱ ይችላሉ። ቢሆንም አንድ እውነት አለ። ሰው ዘወትር የሚገባበትን ቤት ስንጥቅ የሚያየው ሰው አለ፤ ከአዳራሹ የሚገኘውም ገንዘብ ለጥገና ሊውል ይችላል። የተዘጋ ቤት ግን ስንጥቁን የሚያይለት የለም። ስለዚህ አሮጌ ሕንፃ ሁለቱም ያስፈልጉታል፤ ሥራም፣ ጠጋኝም።

እንዴት ይደረሳል?

ዛንዚባር የታንዛንያ አካል ብትሆንም የራሷ የመግቢያ ቁጥጥር አላት። ስለሆነም ከዳሬሰላም የሚሻገር የውጭ አገር ሰው ፓስፖርቱን መያዝ አለበት። ከጥቅምት 2024 ጀምሮም የውጭ አገር ጎብኚዎች በዛንዚባር የተወሰነውን የጉዞ መድን እንዲገዙ ታዟል። በቡድን የሚጓዝ ትምህርት ቤት ይህንን ወጪ አስቀድሞ በበጀቱ ውስጥ ማስገባት ይገባዋል።

በአየር የሚሄዱ ከአዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ መድረስ ይችላሉ። አውሮፕላን ማረፊያው ከአሮጌው ከተማ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዚያ በታክሲ ወይም «ዳላዳላ» በሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ወደ ዳራጃኒ ገበያ ይኬዳል። ዳላዳላ ከእኛ የከተማ ታክሲ ጋር የሚመሳሰል ነው፤ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ይጨናነቃል። በባሕር የሚመጡ ከዳሬሰላም በፈጣን መርከብ ሁለት ሰዓት ያህል ይጓዛሉ። ከወደቡ እስከ ምሽጉ ያለውን መንገድ ባሕሩን በቀኝ ይዞ በእግር መጨረስ ይቻላል። ከምሽጉ ፊት ለፊት የፎሮዳኒ መናፈሻ ስላለ ቦታው አይጠፋም።

በአሮጌው ከተማ ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ መንገዶች ጠባብ በመሆናቸው መኪና አያስገቡም። ስለዚህ አውቶቡስ በር ድረስ ያደርሰናል ብሎ መተማመን አይገባም። የትርዒቱ ቦታ መቀመጫ በደረጃ የተሠራ ስለሆነ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ወይም መራመድ የሚያስቸግረው ተማሪ ካለ አዘጋጆቹን አስቀድሞ ጠይቆ ሜዳ በሆነው ግቢ ቦታ ማስያዝ ያሻል። ትርዒቱ በአብዛኛው የሚቀርበው ማታ ስለሆነ የመመለሻው ትራንስፖርት ከመግባት በፊት መወሰን አለበት።

ጊዜውን መምረጥም ያስፈልጋል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ወራት ከባድ ዝናብ የሚዘንብበት ነው፤ ጣሪያ የሌለው ግቢ ደግሞ ለዝናብ አይመችም። የሙዚቃው በዓል በየካቲት የሚከበረው ከዚህ ዝናብ በፊት ነው። በጥንት ዘመንም ይህ ወቅት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው «ካስካዚ» የተባለው ነፋስ ከዐረብና ከሕንድ ባለ ሸራ መርከቦችን የሚያመጣበት ነበር። የከተማው ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ የጾም ወር የረመዳን ጊዜ አስቀድሞ ይታወቅ፤ በመንገድ ላይም ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ልብስ ይለበስ።

ጉብኝቱን ትምህርት ለማድረግ

ሙዚቃ ለመስማት ማታ የሚገባ ሰው ግድግዳውን አያይም። ስለዚህ በዚያው ዕለት ቀን በብርሃን ገብቶ መመልከት ይበጃል። የግድግዳው ድንጋይ ከባሕር የተገኘ ኮራል መሆኑን፣ የተያያዘውም በኖራ መሆኑን ተማሪዎች በዓይናቸው ይዩ። ኮራልና ኖራ እርጥበትን ይስባሉ፤ መልሰውም ያስወጣሉ። በሲሚንቶ ሲለሰኑ ግን እርጥበቱና ጨው ውስጥ ታፍነው ድንጋዩን ይበሉታል። አሮጌ ሕንፃ በአዲስ ነገር ሲጠገን ሊጎዳ የሚችለው እንዲህ ባለ ምክንያት ነው።

ወደ ዛንዚባር መሄድ ለብዙዎቻችን ትምህርት ቤቶች የማይቻል መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ይህ ዓይነቱ ጥናት የግድ ባሕር መሻገርን አይጠይቅም። በየከተማችን መጀመሪያ ለሌላ ነገር ተሠርቶ ዛሬ ዘፈንና ቴአትር የሚታይበት ቤት አይጠፋም። መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ዘበኛውን፣ መብራት ሠራተኛውንና በአካባቢው ያረጁ ሰዎችን ቢያነጋግር፣ በመጽሐፍ ያልተጻፈ ታሪክ ያገኛል። ሰዎቹም ሕንፃውም ዛሬ አሉ፤ ነገ ግን ላይገኙ ይችላሉ።

ለክፍል ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1ኛ. «ጌሬዛ» የሚለው ቃል ከቤተ ክርስቲያን ወደ እስር ቤት የተለወጠው እንዴት ነው? በአማርኛ ትርጉሙ እንዲህ የተለወጠ ቃል ታውቃላችሁን?

2ኛ. የሱልጣን ባርጋሽ ስም በሕንፃው ሲታወስ የእናታቸው ስም ለምን አልታወሰም? ታሪክን የሚጽፈው ማነው?

3ኛ. ለሙዚቃ ትርዒት የዋለ አሮጌ ሕንፃ ምን ጥቅምና ምን ጉዳት ያገኘዋል? ከየአንዳንዱ ሁለት ምሳሌ ስጡ።

4ኛ. በአካባቢያችሁ ያለውን አንድ አሮጌ ሕንፃ መርጣችሁ ማን እንዳሠራው፣ ለምን አገልግሎት እንደተሠራ፣ ዛሬ ለምን እንደሚያገለግልና ማን እንደሚጠግነው ጠይቃችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ።