ጉርሻና ደመወዝ

አማርኛችን ለአስተናጋጅ የሚተወውን ገንዘብ «ጉርሻ» ብሎ ሲጠራ ከሌሎች ሕዝቦች ቋንቋ የተለየ መንገድ ይዟል። ፈረንሳዊው «ለመጠጫ»፥ ጀርመናዊው «የመጠጥ ገንዘብ»፥ ሩሲያዊው «ለሻይ» ይለዋል። ሁሉም ተቀባዩ ገንዘቡን ይዞ ከሰጪው ዓይን ርቆ የሚጠጣበት ነገር አድርገው ያዩታል። እኛም «የሻይ» የሚለውን ቃል አላጣነውም፤ ነገር ግን በዚህ ስም የምንጠራው ብዙ ጊዜ በቢሮ ጠረጴዛ ሥር የሚያልፈውን ነው። ለአስተናጋጅ የሚሰጠው ግን ጉርሻ ነው። ስሙ የተወሰደውም ከአንድ መሶብ ከሚበሉ ሰዎች መካከል አንዱ በገዛ እጁ ጠቅልሎ በሌላው አፍ ከሚያኖረው እንጀራ ነው። የገበታው ጉርሻ ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት እየተያዩ የሚፈጸም፥ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ተብሎ የሚደገም፥ በፍቅር መጠን እንጂ በመቶኛ የማይለካ ነገር ነው።

በኮሎምበስ፥ ኦሃዮ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህን ቃል ይዘን መጥተን፥ መልኩ ተመሳሳይ ሆኖ ታሪኩ ፈጽሞ ሌላ የሆነ ልማድ አገኘን። የራሳችንን ስም ለባዕድ ነገር ሰጠነውና ቃሉ አሳሳተን። አሜሪካ ውስጥ ጉርሻ የምንለው በእውነቱ ጉርሻ አይደለም፤ አሠሪው ሳይከፍል ያስቀረውና ሕግ ወደ እንግዳው ኪስ ያዛወረው ደመወዝ ነው። ይህ እንዴት እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው፥ ለዕረፍት ወጥቶ ሆቴል ባደረ ቁጥር ወይም ምግብ ቤት በገባ ቁጥር፥ ባለ ዕዳ ሆኖ ሳለ ራሱን እንደ ለጋስ ይቆጥራል።

በቀድሞው ሥርዓታችን ስጦታ አቅጣጫ ነበረው። ከታች ወደ ላይ የሚሄደው እጅ መንሻ ይባላል፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ሽልማት ነው፤ በስውር የሚያልፈው ጉቦ ነው። ለመንገደኛ ደግሞ ድርጎ ነበረ። ንጉሥ የተቀበለው እንግዳ በሚያልፍበት አገር ሁሉ ድርጎ ይቆረጥለታል፤ እንጀራው፥ ጠጁ፥ ማሩና በጉ ከባላገሩ ቤት ተሰብስቦ ይቀርብለታል። በ19ኛው መቶ ዓመት አገራችንን የጎበኙ አውሮፓውያን ስለ ድርጎ በመጽሐፎቻቸው ጽፈዋል። እንግዳ ተቀባይነታችንን ስናወድስ፥ ያን ጊዜ የእንግዳውን ሒሳብ የከፈለው ገበሬ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባናል። ሳይጠየቅ የሚከፍል ሦስተኛ ሰው በእኛም ታሪክ ውስጥ አለ ማለት ነው።

በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ባቋቋሙ ጊዜ፥ ምግብን በገንዘብ መግዛት ለሰዉ እንግዳ ነገር ሆኖበት ስለ ነበር አጤ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በልተው እንደ ከፈሉ ይነገራል። የምድር ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ መንገደኛው በዛ፥ ሆቴሉም በዛ። ምግብ ሸቀጥ ሲሆን የገበታው ቃል አብሮት ወደ ንግድ ቤት ገባ።

ወደ አሜሪካ እንመለስ። አሜሪካውያን ለአገልጋይ ገንዘብ መወርወርን የአውሮፓ መሳፍንት ልማድ አድርገው የሚንቁበት ዘመን ነበራቸው። ልማዱ ሥር የሰደደው እ.ኤ.አ. በ1865 የእርስ በርሱ ጦርነት ካበቃና ባሪያዎች ነጻ ከወጡ በኋላ ነው። ጆርጅ ፑልማን የተባለው ባለ ሀብት በ1867 ያቋቋመው ኩባንያ፥ አልጋ የተዘረጋባቸውን የመኝታ ፉርጎዎች ለባቡር መስመሮች ያከራይ ነበር። ለአስተናጋጅነት የቀጠራቸውም ከባርነት ነጻ የወጡትን ጥቁሮች ነው። አልጋ ያነጥፋሉ፥ ሻንጣ ይሸከማሉ፥ ሌሊት የመንገደኛውን ጫማ ይጠርጋሉ፤ የጫማውንም ቀለም ከኪሳቸው ይገዛሉ። መንገደኛው ሁሉንም «ጆርጅ» እያለ ይጠራቸዋል፤ ቀደም ሲል ባሪያ በጌታው ስም ይጠራ እንደ ነበረው ማለት ነው። በወር እስከ 400 ሰዓት ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1915 የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ጉዳይ ኮሚሽን ምርመራ ሲያደርግ ወርኃዊ ደመወዛቸው 27 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሆኖ ተገኘ። የቀረውን መንገደኛው ይሙላላቸው ተብሎ የተተወ ነበር። ኩባንያውን ወክለው ለኮሚሽኑ ቃላቸውን ከሰጡት መካከል የቀድሞው ፕሬዚዳንቱ ሮበርት ቶድ ሊንከን ይገኙበታል፤ እኒህም የነጻነቱን አዋጅ የፈረሙት የአብርሃም ሊንከን ልጅ ናቸው። ለዚህ ማብራሪያ መጨመር አያሻም።

ከተማችን ኮሎምበስ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ጊዜ ትታያለች። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1929 ከኒው ዮርክ ወደ ሎስ አንጀለስ በ48 ሰዓት የሚያደርስ አዲስ ጉዞ ተጀመረ። መንገደኛው ከኒው ዮርክ በማታ ባቡር ተነሥቶ፥ በመኝታ ፉርጎ ውስጥ አድሮ፥ ጠዋት ፖርት ኮሎምበስ አየር ማረፊያ ላይ ወርዶ አውሮፕላን ይሳፈራል። ያን ጊዜ የተሠራው የመንገደኞች ሕንፃ ዛሬም አለ። አንባቢ ይህን ጠዋት በዓይነ ኅሊናው ይመልከተው። አንድ ሀብታም መንገደኛ አልጋውን ላነጠፈለት፥ ጫማውን ለጠረገለት ጥቁር ሰው ሳንቲም ሰጥቶ ከባቡሩ ይወርዳል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነፍሱን ለአውሮፕላን አብራሪው አደራ ይሰጣል፤ ለአብራሪው ግን ሳንቲም መዘርጋት አይታሰበውም፥ ቢዘረጋም ስድብ ይሆንበታል። ሁለቱም አገልጋዮች ናቸው። ማን በደመወዝ ይኖራል፥ ማን በእጅ ይጠብቃል የሚለውን የወሰነው የሥራው ክብደት አልነበረም።

ሁለተኛው ቀደም ያለ ነው። የአሜሪካ የሠራተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽን የተመሠረተው በታኅሣሥ 1886 በዚሁ በኮሎምበስ ከተማ ነው። የመኝታ ፉርጎ አስተናጋጆች ማኅበር በኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት በ1925 ኒው ዮርክ ላይ ሲቋቋም፥ ፌዴሬሽኑ እንደ ሙሉ አባል አልተቀበለውም። ሙሉ ፈቃድ የሰጠው በ1935 ነው፤ ኮሎምበስ ላይ ከተመሠረተ ከ49 ዓመት በኋላ። በነሐሴ 1937 ማኅበሩ ከፑልማን ኩባንያ ጋር ውል ተፈራረመ፤ የወሩ ሥራ ወደ 240 ሰዓት ወረደ፥ ደመወዙም ጨመረ። እነዚያ ሰዎች የጠየቁት ጉርሻው ከፍ እንዲልላቸው ሳይሆን በጉርሻ ከመኖር እንዲወጡ ነበር። (እነርሱ የወረዱበት የኮሎምበስ ባቡር ጣቢያ ግን ዛሬ የለም። በ1976 ፈርሶ አንድ ቅስት ብቻ ተረፈ፤ በ1979 የመንገደኛ ባቡሩም ቀረ።)

በምግብ ቤትና በሆቴል የቀሩት ሠራተኞች ግን ይህ ዕድል አልደረሳቸውም። ዝቅተኛውን ደመወዝ የደነገገው የ1938ቱ ሕግ አብዛኞቹን ረስቷቸው ነበር። በ1966 ሕጉ ሲሻሻል አስገባቸው፤ ሲያስገባቸው ግን አሠሪው የደመወዛቸውን ግማሽ ያህል ከእንግዳው ጉርሻ ላይ እንዲቆጥር ፈቀደለት። ከ1991 ጀምሮ የፌዴራሉ ሕግ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ በሰዓት የሚያስገድደው 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ ነው። የኦሃዮ ሕዝብ በኅዳር 2006 በድምፁ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ ዝቅተኛው ደመወዝ ከኑሮ ውድነት ጋር እየተስተካከለ እንዲሄድ አደረገ፤ በዚያም ሕግ ቢሆን ጉርሻ ተቀባዩ የሚደርሰው ግማሹ ነው። በ2026 መጀመሪያ ሙሉው 11 ዶላር ሲሆን የአስተናጋጁ 5 ዶላር ከ50 ሆነ። ጉርሻው ልዩነቱን ካልሞላ አሠሪው ይሙላ ይላል ሕጉ፤ ሠራተኛው ግን ሥራውን ሳይፈራ ይህን መጠየቅ መቻል አለበት። በሐምሌ 2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ ከጉርሻ ገቢ እስከ 25,000 ዶላር የሚደርሰውን እስከ 2028 ድረስ ከገቢ ግብር ስሌት እንዲቀነስ ፈቅዷል። ይህም ቢሆን ከፋዩን አልለወጠውም።

የሚገርመው፥ ያለ ጉርሻ መብላትን አሜሪካን ካስተማሩት ከተሞች አንዷ ይህችው ኮሎምበስ ናት። ዋይት ካስል ዋና መሥሪያ ቤቱን በ1934 ወደዚህ አዛወረ፤ ዌንዲስም በ1969 በብሮድ ጎዳና ላይ የመጀመሪያ ቤቱን ከፈተ። በእነዚህ ቤቶች ደንበኛው ራሱ ከመደርደሪያው ወስዶ ይበላል፤ ሠራተኛዋም ሙሉውን ዝቅተኛ ደመወዝ ታገኛለች። እንግዲህ በአንድ ጎዳና ላይ በሚሠሩ ሁለት እኅትማማቾች መካከል፥ ትሪ ይዛ ወደ ጠረጴዛ የምትመላለሰው ከመደርደሪያ ጀርባ ከቆመችው ያነሰ ደመወዝ ይቆረጥላታል።

ከዚህ በኋላ ወደ ራሳችን ገበታ ብንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በሐበሻ ምግብ ቤት የምታስተናግደው እኅት የአገራችን ልጅ ናት። ስድስት ሰው አንድ ትሪ ከብቦ ሦስት ሰዓት ይቀመጣል፤ ውኃ፥ ተጨማሪ እንጀራ፥ ቃሪያ፥ ናፕኪን እያለ ያመላልሳታል። ሲነሣ «እግዜር ይስጥልኝ፥ እኅታለም» ይላታል፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ሁለት ዶላር ትቶ ይሄዳል። ይኸው ሰው የፈረንጅ ቤት ሲገባ ሃያ በመቶውን አስልቶ ይተዋል፤ የፈረንጅን ሐሜት ይፈራልና። ዝምድናችን ዋጋ መቀነሻ መሆኑ ያሳዝናል። በዚያ ላይ መቶኛው ራሱ ለእኛ ምግብ አልተሰፋም። ቡናው ታጥቦ፥ ተቆልቶ፥ ተወቅጦ፥ ዕጣኑ ጨሶ፥ አቦል፥ ቶና፥ በረካ እስኪጠጣ ድረስ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይሠራል፤ ሒሳቡ ግን ጥቂት ዶላር ነው። የዚያ ሃያ በመቶ ምን ያህል ይሆናል? ልፋቱን እንጂ ሒሳቡን መለካት የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

«ደመወዝ መክፈል የአሠሪው ግዴታ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ቦታው ግን የድምፅ መስጫ ሣጥን ነው፥ የምግብ ጠረጴዛ አይደለም። በጠረጴዛው ላይ ሕጉን የሚቃወም ሰው የሚቀጣው ሕግ አውጪውን ሳይሆን አስተናጋጇን ነው።

ለዕረፍት ከከተማ ስንወጣ ደግሞ ከሁሉ የምንረሳት የማናያትን ሴት ነው። የሆቴል ክፍል የምታጸዳው ሠራተኛ፥ እንግዳው ሲወጣ ገብታ እንግዳው ሳይመለስ ትወጣለች። ከወገኖቻችን መካከል በዚህ ሥራ ልጆቻቸውን ያስተማሩ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ሆኖም ሆቴል ስናድር ክፍላችንን የምታነጥፈው እንዲያች ያለች እናት መሆኗ አይታወሰንም። የአሜሪካ የሆቴሎች ማኅበር በየሌሊቱ ከ1 እስከ 5 ዶላር እንዲተውላት ይመክራል። መተው ያለበትም በየቀኑ ነው፤ የዛሬዋ ነገ ላትመደብ ትችላለችና። በቁራጭ ወረቀት ላይ ለአጽጂዋ መሆኑን መጻፍም ደግ ነው፤ እንዲሁ የተተወ ገንዘብ እንግዳው የረሳው መስሏት እንዳትነካው።

የብዙዎቻችን ታላቁ ዕረፍት ግን ወደ አገር ቤት መሄድ ነው። እዚያ ስንደርስ ግራ መጋባቱ ፊቱን ያዞራል። በኮሎምበስ የቆጠበው እጅ በአዲስ አበባ ይዘረጋል፤ በተለይ በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ጥቂት ዶላር ብዙ ብር ሆኖ ይታያል። ለአዝማሪ በግንባሩ ላይ ብር መለጠፍ የቆየ ወግ ነው፤ ስሙ ሽልማት ነው፥ ሲታይም ያምራል። አስተናጋጅን ወይም የመኪና ጠባቂን ጎረምሳ ሰው እያየ በብር ማጥለቅለቅ ግን ሌላ ነገር ነው። በትልልቅ ሆቴሎች ሒሳብ ላይ ከ15 በመቶው ቫት ሌላ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል፤ ይህ ለሠራተኛው ይደርስ እንደ ሆነ አስተናጋጁን ቀስ ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

አገር ቤት ጉርሻ ጉርሻ ነው፥ ደመወዝ አይደለም ብለን እንዳንጽናና ደግሞ አንድ ነገር ይከለክለናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል፤ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ ግን ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተወሰነ ወለል አልነበረም። ላሊበላን የመሰለው ከተማ፥ ኑሮው በጎብኚ ላይ የቆመ፥ በነሐሴ 2021 በጦርነት ተይዞ ዐየ፤ በአማራ ክልል ከነሐሴ 2023 ወዲህ በተከፈተው ግጭትም ጎብኚ ራቀው። አስጎብኚው፥ ወደ አሸተን ማርያም በቅሎ ይዞ የሚወጣው ወጣት፥ ማደሪያ ቤት የምትጠርገዋ ልጅ ለወራት ያለ ገቢ ሰነበቱ።

እዚያ የሚሄድ ሰው ጉዞው ሳይጀመር የበቅሎውንና የአስጎብኚውን ዋጋ ተነጋግሮ፥ ሳያጓድል ከፍሎ፥ ጉርሻውን ከዚያ በላይ ማድረግ ይችላል። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጫማ የሚጠብቀውም ሰው አለ። ፍልፍሎቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ ጎብኚው በገባ ቁጥር ጫማውን ያወልቃል፥ በወጣ ቁጥር ደርድሮ ያቆየለት ሰው ያቀብለዋል። ዝርዝር ብር ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ ላሊበላ ላይ መቶ ዶላር የሚዘረዝር ጫማ ጠባቂ አይገኝም።