የስሜን እንስሳት ዓይን

ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ ወደ ደባርቅ የሚወጣ መንገደኛ የስሜንን ገደል ከሩቅ ባየ ጊዜ፥ ያ ተራራ ለፍጥረት ሁሉ እርሱ እንዳየው የሚታይ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዋልያው፥ ጭላዳው፥ ቀበሮውና ጥንብ አንሳው በአንድ አገር ቢኖሩም የሚያዩት አንድ አይደለም፤ ይህንንም ለመረዳት ሊቃውንት ወደ ሁለት መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ፈጅቶባቸዋል።

እነዚህን አራዊት ለአውሮፓ ትምህርት ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ የፍራንክፈርት ሰው ነበር። በዘመነ መሳፍንት፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1832 ዓ.ም. (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው) ወደ ስሜን ወጣ። ስለ ጭላዳና ስለ ዋልያ በ1835፥ ስለ ቀይ ቀበሮ በ1840 ጽፎ አሳተመ። ለጭላዳውና ለዋልያው ያወጣላቸው የሊቃውንት ስም ከአገሬው አፍ የተወሰደ ነውና፥ ገበሬው አስቀድሞ ለይቶ ያውቃቸው እንደ ነበረ ስሙ ራሱ ይመሰክራል።

የዚያ ዘመን ሥራ ግን ቆዳና አጥንት መለካት፥ ስም ማውጣትና በቤተ መዘክር ማኖር ነበር። የጭላዳ ደረት ቅላት ከቆዳው ሥር ከሚመላለሰው ደም የሚመጣ ስለ ሆነ፥ በደረቀ ቆዳ ላይ ምሥጢሩን መመርመር አይቻልም። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ከተቋቋመ በኋላ ሕያዋኑን መንጋዎች በሳንቃ በር አካባቢ እየተከተሉ የሚያጠኑ ሰዎች መጡ፤ በ2009ም የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፥ ሴቶችን የሚገዛ ወንድ ጭላዳ ደረቱ ከሌሎቹ ወንዶች ይልቅ እንደሚቀላ ገለጡ። ቅላቱ የማዕርግ ልብስ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ይህን ልብስ የሚያየው ግን ማን ነው? በሰው ዓይን ውስጥ ቀለምን የሚለዩ ሦስት ዓይነት ሕዋሳት አሉ፤ ጭላዳም እንደ ዝንጀሮ ዘመዶቹ ሦስቱ አሉት። ውሻ ግን ሁለት ብቻ እንዳለው በ1989 በአሜሪካ በተደረገ ፈተና ተረጋገጠ፤ ሰማያዊና ብጫ ይለያል፥ ቀይና አረንጓዴ ግን ይደባለቁበታል። ቀበሮውም የውሻ ዘመድ ነውና ከዚህ የሚርቅ አይመስልም። እንግዲህ ጭላዳው ደረቱን ለተቀናቃኙ ሲያሳይ በሣሩ መካከል የሚያልፈው ቀበሮ ያንን ቅላት ከሣሩ ቀለም ብዙም አይለየውም ማለት ነው። ቀይ ብለን የሰየምነው አውሬ የገዛ ጠጉሩን ቅላት አለማየቱም እጅግ ያስደንቀናል።

የዋልያን ነገር ለማወቅ ገደል መውጣት አያስፈልግም፤ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው በደጁ የታሰረችውን ፍየል ዓይን ቢመለከት ይበቃዋል። የዓይኗ ብሌን እንደ ሰው ክብ ሳይሆን አግድም የተሰነጠቀ ነው። በዚህም ከፊቷና ከጎንዋ እስከ ኋላዋ ድረስ ያለውን ምድር ታያለች። ለመጋጥ ስታጎነብስ ስንጥቁ ቀጥ ብሎ እንዳይቆም ዓይኗ በጉድጓዱ ውስጥ 50 ዲግሪና ከዚያም በላይ እንደሚዞር በ2015 ታወቀ። እረኞች ይህን ስንት ዘመን ሲያዩት ኖረው ይሆን!

የሩፔል ስም ዛሬ የሚጠራው በአንድ ጥንብ አንሳ ነው፤ ይህም ወፍ በስሜን ገደሎች የሚታይና ከዓለም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት አንዱ ነው። ጥንብ አንሳ ከሁሉ አርቆ ያያል እየተባለ፥ የኤሌክትሪክ ሽቦ እየመታው ይሞታል። የእንግሊዝ ሊቃውንት የዘመዶቹን ዓይን በ2012 መርምረው ምክንያቱን አገኙ። ቅንድቡ ዓይኑን ከፀሐይ ስለሚጋርድለት ከራሱ በላይ ያለውን አያይም፤ ጥንብ ሲፈልግም አንገቱን ደፍቶ ስለሚበር ያ የማያየው ሥፍራ ወደ ፊቱ ይዞራል። እንደ እነርሱ አስተያየት በሽቦው ላይ ምልክት መስቀል ብቻውን ብዙ አይጠቅምም፤ የወደቀ ከብት ከመስመሩ ርቆ እንዲጣል ማድረግ የተሻለ ነው።