የጠፋው ቤዝ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የማወጋችሁ ስለ አንዲት ቦርድ ነው። ወርዷ 22፣ ቁመቷ 35 ሚሊሜትር፤ ከክብሪት ቀፎ ታንሳለች። እሷን ሠርቼ እስክጨርስ በረዶ ጣለ።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚሁ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። አንድ ጎረቤት ያረጀ ዕቃውን ግቢው ላይ ዘርግቶ ይሸጣል። ከድስቱና ከሕፃን ጋሪው መሐል አንዲት ጥቁር ሴጋ፣ የቪዲዮ ጨዋታ ማጫወቻ፣ አየሁ። ከነጆይስቲኳ፣ ከነካሴቷ፣ 15 ዶላር። ካሴቱ ሶኒክ የተባለው ጨዋታ ነው፣ የ1991ዱ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራላችሁ።

አሜሪካኖች ጀነሲስ ይሏታል እንጂ በ1988 ጃፓን ላይ ስትወጣ ስሟ ሜጋ ድራይቭ ነበር። ያቺ የመጀመሪያዋ ሞዴል ፊቷ ላይ የሄድፎን ቀዳዳ ነበራት፤ ከጎኑም የሚንሸራተት የድምፅ መቆጣጠሪያ። ከኋላዋ የሚወጣው ድምፅ ሞኖ ስለነበር፣ ስቴሪዮ የፈለገ ሰው የሚያገኘው በዚያች ቀዳዳ በኩል ብቻ ነው። በ1993 ሁለተኛዋ ሞዴል ስትመጣ ስቴሪዮው ወደ ኋላ ሄደ፤ የሄድፎኑ ቀዳዳና መቆጣጠሪያው ግን ቀሩ። እኔ እጅ የገባችው ይህቺ ሁለተኛዋ ናት።

እኔ ደግሞ ከሥራ የምገባው ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ነው። ሄድፎን የግድ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ስሰካት ድምፁ ይወጣል፤ ግን ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚያወራ ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው ካፓሲተሮች እንዲያ ናቸው፤ ውስጣቸው ይደርቃል፣ ድምፁም አብሮ ይደክማል። እነሱን መቀየር ይቻል ነበር። እኔ ግን ድምፁን ከምንጩ ልቅዳው ብዬ ተነሣሁ።

ምንጩ ምን መሰላችሁ? ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጆን ቻውኒንግ የተባለ የሙዚቃ ሰው በ1967 አንዱን የድምፅ ሞገድ በሌላው ሞገድ ሲያንቀጠቅጠው ደወልም፣ መለከትም፣ ከበሮም የሚመስል ድምፅ እንደሚወለድ ደረሰበት። ያማሃ ፈቃዱን ወስዶ በ1983 ዲኤክስ7 የተባለውን ኪቦርድ ሠራበት። ሴጋ ውስጥ ያለው ድምፅ አመንጪ የዚያ ኪቦርድ ታናሽ ነው፤ ስድስት ድምፅ በአንድ ጊዜ ያወጣል። አጠገቡ ፒኤስጂ የሚባል ሌላ አለ። ከቀድሞዋ የሴጋ ማጫወቻ ከማስተር ሲስተም የተወረሰ ነው፤ ሦስት ቀጫጭን ፉጨትና አንድ የሹሹታ ድምፅ ይሰጣል። እነዚህ ሁለቱ ከቺፕ እግር ሲወጡ ንጹሕ ናቸው። የሚበላሹት መንገድ ላይ ነው። የእኔ ሥራ እንግዲህ አጭር መንገድ መሥራት ነው።

ኪካድ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር የቦርዷን ሥዕል ጀመርኩ። ማጉያው ቲኤስ922 ነው፤ በ5 ቮልት ይሠራል፣ ሄድፎን ለመግፋትም ጉልበት አለው። ድምፅ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚወዛወዝ ነገር ነው። ሴጋ ውስጥ ያለው ግን ከዜሮ እስከ 5 ቮልት ብቻ ነውና ከዜሮ በታች መውረጃ የለውም። ስለዚህ ሁለት እኩል ሬዚስተር አድርጌ መካከለኛውን ቦታ 2.5 ቮልት ላይ አቆምኩለት። ወደ ላይ ሁለት ተኩል፣ ወደ ታች ሁለት ተኩል። ታዲያ ይህ 2.5 ቮልት ወደ ሄድፎኑ ማለፍ የለበትም፤ መውጫው ላይ ካፓሲተር ቆሞ ያግደዋል፣ ድምፁን ብቻ ያሳልፋል። እኔ እዚያ ላይ 10 ማይክሮፋራድ አስቀመጥኩ። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

ፋይሉን ለቦርድ አታሚ ልኬ አምስት ቦርድ ታትሞ መጣልኝ። አንዷን በየድኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሞከርኳት፤ ብርድ ልብሱ ተገፎ ወደቀ። ሙዚቃው ቤቱን ሞላው። ደስታዬን ለማን ልንገር ብዬ የእህቴን ልጅ ጠራሁት። ልጁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከዘማሪዎቹ ጋር ቤዝ ጊታር ይጫወታል፤ ጆሮ አለው። ሄድፎኑን ጆሮው ላይ አድርጎ የመጀመሪያዋን አረንጓዴ ሜዳ ትንሽ ሮጠባትና ቆመ።

“ጋሼ፣ ቤዙ የታለ?”

“የምን ቤዝ?”

“ይሄ ዜማ ቤዝ አለው እኮ። ቅድም ቴሌቪዥኑ ላይ ሰምቼዋለሁ። እዚህ ግን የለም።” ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ እያንቀሳቀሰ የጠፋውን መስመር በአፉ አዜመልኝ።

ተቀብዬ አደረግሁት። እውነቱን ነው። ዜማው አለ፣ ከበሮው ይንኳኳል፤ ከሥር ግን ባዶ ነው። እንደዚያ ቀን ክው ያልኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ምክንያቱም የሶኒክን ሙዚቃ የደረሰው ማሳቶ ናካሙራ፣ ድሪምስ ካም ትሩ የተባለው የጃፓን ባንድ ቤዝ ተጫዋች ነው! ሰውዬውን ከገዛ ሙዚቃው አስወጥቼዋለሁ።

ሌሊቱን ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። ካፓሲተር ብቻውን አይፈርድም፤ ከፊቱ ካለው ኦም ጋር ተዛምዶ ነው የትኛው ድምፅ ይለፍ የሚለው። ቴሌቪዥኑ 10 ሺህ ኦም ያህል አለው፤ በእሱ ላይ 10 ማይክሮፋራድ እስከ 2 ኸርዝ ድረስ ያሳልፋል፣ ጆሮ ከሚሰማው በታች። ሄድፎኑ ግን 32 ኦም ብቻ ነው። በእሱ ላይ ያው ካፓሲተር ከ500 ኸርዝ በታች ያለውን ሁሉ ማዳከም ይጀምራል። ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ወፍራም ክሩ 41፣ ቀጭኑ 98 ኸርዝ ነው። ቤዙ በሙሉ ከበር ውጭ ቀርቷል ማለት ነው! ቦታውን 220 ማይክሮፋራድ ሲይዘው በሩ እስከ 23 ኸርዝ ይከፈታል።

በማግስቱ ሁለት ወፋፍራም 220ዎች በሽቦ አንጠልጥዬ በየድኩ። ቤዙ መጣ። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ብዙም ሳይቆይ ግን ሁለታችንም ዝም አልን። ከቤዙ ጋር ሌላ እንግዳ ገብቷል፤ ዝዝዝዝ የሚል።

ሴጋዋን አጥፍቼ አበራኋት። ሶኒክ ሲጀምር ነጭ ስክሪን ላይ በሰማያዊ “ሴጋ” የሚለው ጽሑፍ ይወጣል፤ ድምፆችም “ሴ-ጋ” ብለው ይዘምራሉ። ያ ነጭ ሲመጣ ዝዝታው አበጠ። ስክሪኑ ሲጠቁር ሟሸሸ። እንደገና ሞከርኩ፤ ነጭ፣ ያብጣል፤ ጥቁር፣ ይሟሽሻል። ጆሮዬ ሥዕሉን እየሰማ ነው። ሥዕሉ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይታደሳል፣ ዝዝታውም ከዚያው ከ60 ኸርዝ ይነሣል። ዱሮም ነበረ፤ ሄድፎኑ ላይ ያች 10 ማይክሮፋራድ ቤዙን ስትከለክል እሱንም አብራ ከልክላው ነበር እንጂ።

ጥፋቱ ግራውንዱ ላይ ነበር። የቦርዴን የግራውንድ ሽቦ የበየድኩት ለእጄ በቀረበኝ ቦታ ነው፤ ቪዲዮውን የሚሠራው ቺፕ አጠገብ። ግራውንድ ሲባል ሁሉም ዜሮ ቮልት ይመስለናል። መዳብም ሆኖ ትንሽ ኦም አለው፤ ብዙ ኤሌክትሪክ ሲመለስበት ከፍ ዝቅ ይላል። የቪዲዮው ጅረት በዚያ መንገድ ሲመለስ የእኔን ዜሮ ያናውጠዋል፤ ማጉያው ያንን መናወጥ ድምፅ ነው ብሎ ያጎላዋል። ማጉያ ከተናወጠ ወለል ላይ ቆሞ ልኩን ሊናገር አይችልም።

ቦርዷን እንደ አዲስ ሣልኳት። የታችኛውን ገጿን በሙሉ፣ አንድ መስመር ሳይቆርጠው፣ መዳብ አለበስኩት። 5 ቮልቱ በ10 ኦም ሬዚስተርና በ220 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ተጣርቶ እንዲገባ አደረግሁ፤ አንዲት የ100 ናኖፋራድ ካፓሲተርም ከማጉያው ቺፕ እግር ሥር አስጠጋሁ። የግራውንዱን ሽቦ ደግሞ ድምፁ ራሱ ከሚነሣበት እግር አጠገብ ወሰድኩት፤ ድምፅና ግራውንዱ አብረው ወጥተው አብረው ይጓዙ ብዬ።

በዚያው የላይኛውን ድምፅም አስተካከልኩ። የያማሃው ድምፅ አመንጪ በሴኮንድ 53 ሺህ ጊዜ ያህል እየዘለለ ደረጃ በደረጃ ነው ሞገዱን የሚሠራው፤ ያንን ጠርዝ የሚያለሰልስ ማጣሪያ ያስፈልጋል። የፊተኛዋ ቦርድ እስከ 17 ኪሎኸርዝ ታሳልፍ ነበር፤ ሲምባሉ ጆሮ ይቧጥጣል። ከ20 ኪሎኦም ሬዚስተር ጋር 1 ናኖፋራድ ካፓሲተር አድርጌ 8 ኪሎኸርዝ ላይ አወረድኩት። አንዳንዱ ብሩህ ይወዳል፣ አንዳንዱ ሞቅ ያለ። እኔ የሞቀው ይሻለኛል።

ሁለተኛው አምስት ቦርድ የደረሰው በረዶ በጣለበት ሳምንት ነው። ገጠምኩና ልጁን ጠራሁት። ነጩ ስክሪን መጣ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። “ሴ-ጋ” ከሚለው ዝማሬ በቀር ምንም የለም።

ከዚያ ሜዳው መጣ፣ ቤዙ ከሥር ገባ። ልጁ ቀለበቶቹን መልቀም ጀመረ። የቀለበቱ ድምፅ አንዴ በቀኝ ጆሮ፣ አንዴ በግራ ነው የሚጮኸው፤ ተሠርቶ ያለቀው እንዲያ ነው፣ ከ1991 ጀምሮ። በሞኖ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ይጨፈለቃል። ልጁ አንዷን ቀለበት ባነሣ ቁጥር ጣቱን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ይጠቁመኝ ነበር።

ከአምስቱ አንዷ የእኔ ሴጋ ውስጥ ናት፣ አንዷ ለልጁ ጓደኛ ተገጠመች፣ ሦስቱ መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። እናንተም እንዲህ ያለ ቦርድ የምትሠሩ ከሆነ፣ እባካችሁ በቴሌቪዥን ብቻ ሞክራችሁ ጨረስኩ አትበሉ። ሄድፎኑን ጆሯችሁ ላይ አድርጉና ነጩ ስክሪን እስኪመጣ ጠብቁ።