የሩቅ ምሥራቅ እጅ በቼልሲ እቶን

አሜሪካ የነጻነቷን መቶኛ ዓመት እ.ኤ.አ. በ1876 በፊላደልፊያ በታላቅ ኤግዚቢሽን ስታከብር፣ የጃፓን ሸክላ፣ ነሐስና ሐር የቀረበበት ክፍል በተመልካች ተጨናንቆ ነበር። ጃፓን የካናጋዋን ውል ፈርማ ወደቦቿን ለአሜሪካ መርከቦች ከከፈተች ገና 22 ዓመቷ ነበር።

በዚያን ጊዜ የሀብታም አሜሪካውያንን የእሳት ምድጃ የሚያስጌጠው ሴራሚክ በአብዛኛው ከእንግሊዝ ይመጣ ነበር። ይህን ከቀየሩት አንዱ በፓሪስ ሥዕል የተማረው ጆን ጋርድነር ሎው ነው። ከቦስተን አጠገብ በምትገኘው ቼልሲ ፋብሪካ ከፍቶ በ1879 እቶኑን ለኮሰ፤ በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝ፣ በክሩ ከተማ በተደረገ ውድድር በእንግሊዛውያኑ ፊት የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደ።

የሎው ሥራ የምሥራቅን ጥበብ የወሰደው ቀርከሃና ወፍ በመገልበጥ ብቻ አልነበረም። እውነተኛ ቅጠልና ሣር ጭቃው ላይ አስተኝቶ በመጭመቂያ ይጫነዋል፤ የቅጠሉ ጅማት ሳይቀር ይታተማል። ከዚያ በላዩ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው መስታወት መሰል ቅብ ይፈስበታል። ቅቡ በጎድጓዳው ተጠራቅሞ ይጠቁራል፣ በጉብታው ላይ ሳስቶ ይፈካል። ሥዕሉን የሚሠራው እንግዲህ ብሩሽ ሳይሆን ቅቡ ራሱ ነው። ይህን መላ የቻይና ሸክላ ሠሪዎች ከሎው ብዙ መቶ ዓመታት በፊት ያውቁት ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የጎረቤቱ የሂው ሮበርትሰን ታሪክ ነው። ቤተሰቡ በዚያው በቼልሲ የሸክላ ፋብሪካ ነበረው፤ ሎው ራሱ ለአጭር ጊዜ እዚያ ሠርቷል፣ የሂው ወንድም ጆርጅም በኋላ ወደ ሎው ተሻግሯል። ሂው በፊላደልፊያ ያየው የቻይና «የበሬ ደም» ቀይ ቅብ ልቡን ሰረቀው። ይህ ቀይ ከመዳብ የሚወጣ ነው፤ በእቶኑ ውስጥ ያለው አየር በትክክል ካልታፈነ ይበላሻል። ሮበርትሰን ዓመታትንና የፋብሪካውን ገንዘብ በሙከራ ጨረሰ። በ1888 ቀለሙን አገኘው። በ1889 ፋብሪካው በገንዘብ እጦት ተዘጋ።

ሰውየውን ግን ኪሳራው ከሥራው አላራቀውም። ጥቂት ቆይቶ በሌሎች ድጋፍ እንደገና ጀመረ፤ ቻይናውያን ሆን ብለው ቅቡን የሚሰነጥቁበትን ዘዴ ወስዶ፣ በነጭ ሳህን ዳር ሰማያዊ ጥንቸሎች አሰለፈበት። ፋብሪካው ወደ ዴድሃም ከተማ ተዛወረ፣ በ1908 ሂው ሞተ፣ ሳህኑ ግን እስከ 1943 ድረስ ሲመረት ቆየ።