ራሱን ያጸዳል የተባለው ኦቨን

አሜሪካ ውስጥ ዕድሜ የጠገበ ኦቨን ያለበት ኩሽና ከገባችሁ ‹‹ሰልፍ ክሊን›› የምትል አንዲት ቁልፍ ማየታችሁ አይቀርም። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አፓርታማ የተከራዩ ዘመዶቻችን በደንብ ያውቋታል። ተከራይ ቤቱን ለቆ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አከራዩ ‹‹ኦቨኑ ቆሽሿል›› ብሎ ከዲፖዚቱ እንዳይቆርጥበት ሲጨነቅ ትዝ የምትለው እሷው ናት። አንዴ ጠቅ፤ በሩ ይቆለፋል፤ ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ የዓመታት ቅባት አንድ እፍኝ አመድ ሆኖ ይጠብቀዋል። ከሆነለት ነው ታዲያ። ካልሆነለት በሩ እንደተቆለፈ፣ ኦቨኑም እንደሞተ፣ ዲፖዚቱም እንደጨሰ ይቀራል።

ይህቺ ቁልፍ ከየት መጣች? ማን፣ ለማን ብሎ ሠራት? ያን ያህል የተመሰገነች ቁልፍስ ኦቨኑ ሲያረጅ ለምን ገዳዩ ትሆናለች? የዛሬው ወጋችን ይኸው ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጠራው፤ ታሪኩም የፈረንጅ ነውና።)

ኩሽና እንደ ጦር ግንባር

ነገሩን ከሞስኮ እንጀምረው። በ1959 ክረምት ሶኮልኒኪ መናፈሻ ውስጥ በተከፈተው የአሜሪካ ኤግዚቢሽን፣ ምክትል ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን የሶቭየቱን መሪ ኒኪታ ክሩሽቾቭን ይዘው ያስጎበኙ ነበር። ለናሙና ከተሠራው ቤት ኩሽና ሲደርሱ ክርክር ገጠሙ። ኒክሰን ማሽኖቹ የሴቶችን ኑሮ ለማቅለል የተሠሩ ናቸው ሲሉ፣ ክሩሽቾቭ ምግቡን አፍ ውስጥ ከትቶ የሚያስውጥ ማሽንስ የላችሁም ወይ ብለው አላገጡ። ታሪክ ‹‹የኩሽናው ክርክር›› ብሎ የመዘገበው ይህን ነው። ኒውክሌር የታጠቁ ሁለት መንግሥታት ስለ ልብስ ማጠቢያ ሲነታረኩ አስቡት! ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። በዚያ ዘመን አሜሪካ ‹‹የእኛ ኑሮ ይሻላል›› የምትለው ከሚሳይሏ ባልተናነሰ በኩሽናዋ ነበር። የዚያ ኩሽና ዕቃ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ነበር። ስሙን ያዙልን፣ ተመልሶ ይመጣል።

በዚያ ሁሉ ብልጭልጭ መሀል ማሽን ያልደረሰለት አንድ ሥራ ነበር፤ እሱም ራሱን ኦቨኑን ማጽዳት። ሥጋ በተጠበሰ ቁጥር ስቡ ይፈናጠራል፣ ግድግዳው ላይ ይደርቃል፣ በሚቀጥለው ጥብስ እንደገና ይጋገራል። ከወራት በኋላ ጥቀርሻና ሙጫ የተዋሐዱበት የሚመስል ጥቁር ቅርፊት ይሆናል። ሳሙና አይደፍረውም። የሚደፍረው ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ስብን ወደ ሳሙና የሚለውጠው ያው ኬሚካል። ጣጣው ኮስቲክ ሶዳ የኦቨን ስብና የሰው ቆዳ አለመለየቱ ነው። ጓንት አጥልቆ፣ ተንበርክኮ፣ ጭንቅላትን ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ፣ ዓይን እየቆጠቆጠ መፈግፈግ። ከቤት ሥራ ሁሉ እንደዚህ የሚጠላ ጥቂት ነው።

ከሰል ማክሰል በኩሽና

በ1963 ጄኔራል ኤሌክትሪክ ‹‹ፒ-7›› ብሎ የሰየመውን ራሱን የሚያጸዳ ኦቨን ገበያ ላይ አዋለ። ከፈጠራው ጀርባ ያለው መሐንዲስ ቦህዳን ሁርኮ ይባላል፤ የፈጠራ መብቱ በስሙ የተመዘገበው በ1964 ነው። ሐሳቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ ቆሻሻውን ማጠብ ካቃተን እናቃጥለው። ተራ ኦቨን ለመጋገር ቢበዛ 290 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቢደርስ ነው። የሁርኮው ወደ 480 ይወጣል። በዚያ ሙቀት ስብም ስኳርም ይፈራርሳል።

ሳይንሱ ‹‹ፓይሮሊሲስ›› ይለዋል። ቃሉ ለአገራችን ሰው እንግዳ ቢሆንም ሥራው እንግዳ አይደለም። ከሰል አክሳዩ እንጨቱን ደርድሮ፣ በሣርና በአፈር አፍኖ ሲለኩሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እንጨቱ አየር ስለሚያጥረው እንደልቡ አይነድም፤ ውሃውና ጋዙ ይወጣና ከሰሉ ይቀራል። ኦቨኑ ውስጥም ቅባቱ መጀመሪያ ይከስላል፤ ከዚያ በቀዳዳ በሚገባው ጥቂት አየር ከሰሉ ቀስ ብሎ ነዶ አመድ ይሆናል። የእናቶቻችንንም ምጣድ አስታውሱ። ሳሙና አይነካውም፤ ያግሉታል፣ በጎመን ዘር ያሟሹታል፣ በማሰሻ ይወለውሉታል። ምድጃን በእሳት መግራት የአሜሪካ ፈጠራ አይደለም ለማለት ያህል ነው።

የሁርኮ ጥበብ በእኛ ግምት እሳቱን ከማንደድ ይልቅ እሳቱን ማሰር ላይ ነው። 480 ዲግሪ የሚግል ሳጥን በእንጨት ቁምሳጥን መሀል፣ ሕፃናት በሚሯሯጡበት ኩሽና ውስጥ ማስቀመጥ ቀላል አልነበረም። ግድግዳው ዙሪያውን በወፍራም የሙቀት መከላከያ ተሸፈነ። ብረቱ ሲለጠጥና ሲኮማተር የማይሰነጠቅ ኢናሜል አስፈለገ። በሩ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ገደማ በታች እስኪወርድ እንዳይከፈት ተደረገ፤ የጋለ ከሰል ላይ ድንገት አየር ከገባ ‹‹ቦግ›› ይላላ።

መከላከያው ያልታሰበ ውለታም ዋለ። በ1973 የነዳጅ ቀውስ መጥቶ አሜሪካኖች እያንዳንዷን ኪሎዋት መቁጠር ሲጀምሩ፣ ራሱን የሚያጸዳው ኦቨን በአዘቦት ቀን ሲጋገርበት ከሌላው ያነሰ ሙቀት እንደሚያባክን ታየ። እርግጥ ማጽጃዋ ቁልፍ በተጫኗት ቁጥር ከ3 እስከ 6 ኪሎዋት-ሰዓት ትበላለች። ስለዚህ ቆጣቢ የሆነው ቁልፏን እምብዛም ለማይጫን ሰው ነበር። እኛን አስቆናል።

ሲያረጅ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። የመጀመሪያው ትውልድ ኦቨን ቀላል ፍጡር ነበር። መቆጣጠሪያው በትንሽ ሞተር የሚዞር ሰዓት፣ የብረት ማብሪያና ቴርሞስታት ነው፤ ሙቀት እምብዛም አያስደነግጣቸውም። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን በሰዓቱ ፈንታ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ እየገባ መጣ። ሰሌዳው የተሰካው ደግሞ ከሚግለው ሳጥን ጥቂት ሳንቲሜትር ራቅ ብሎ ነው። ቆየት ብሎም ወለሉ ለመወልወል እንዲመች ተብሎ በብዙ ሞዴሎች የታችኛው ማሞቂያ ከወለሉ ሥር ተደበቀ። መልኩ አማረ፤ ማሞቂያው ግን ያንኑ 480 ዲግሪ በብረት ወለል በኩል ማድረስ ግዴታው ሆነ።

በዚህ ላይ ዕድሜን ጨምሩበት። የበሩ ዙሪያ የተገጠመው የፋይበርግላስ ገመድ ከብዙ ዓመት መክፈትና መዝጋት በኋላ ይጨፈለቃል። መከላከያው ይሟሽሻል። ማራገቢያ ያለው ከሆነ አቧራ ጠጥቶ ይዘገያል። ለድፎ ዳቦና ለዶሮ ይህ ሁሉ ችግር የለውም፤ በ200 ዲግሪ ማንም አያስተውለውም። በ480 ግን ሙቀቱ ባገኘው ክፍተት ሾልኮ ወዳልታሰበለት ቦታ ይሄዳል። ያኔ ‹‹ቴርማል ፊውዝ›› የሚሏት የሳንቲም ታህል ዕቃ ልኩ ሲያልፍ ወረዳውን ትቆርጣለች። የተቆረጠች ፊውዝ ራሷን አትቀጥልም፤ መለወጥ አለባት። ቤቱ እንዳይቃጠል ሥራዋን ሠርታለች፤ ባለቤቱ የሚያየው ግን መብራቱ የጠፋ፣ በሩ የማይከፈት ሳጥን ነው። አንዳንዴም የሚቃጠለው ሰሌዳው ራሱ ነው፤ አሮጌ ኦቨን ሰሌዳ ሲያስለውጥ ደግሞ ዋጋው ‹‹አዲስ ልግዛ እንዴ?›› ያሰኛል። የአሜሪካ ጠጋኞች በበዓል ዋዜማ ቁልፏን እንዳትነኩ ብለው የሚማጸኑት ለዚህ ነው።

ፌዙን እዩት፤ ቁልፏን በብዛት የሚመኛት ኦቨኑን ለዓመታት ያልነካው ሰው ነው። ወፍራም ቅባት ደግሞ በዚያ ሙቀት ከመክሰሉ በፊት ይጨሳል፣ ሊነድም ይችላል። ቁልፏ በተፈለገች መጠን አደገኛ ትሆናለች ማለት ነው።

(በኮንቴይነር አዲስ አበባ ለደረሱት የጥንቶቹ ባለ ሰዓት ኦቨኖች ሌላ ጣጣ አለ። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 60 ዙር ሲመታ የእኛው 50 ነው፤ በዙሩ ልክ የሚዞረው የሰዓቱ ሞተርም በዚያው መጠን ያዘግማል። ሦስት ሰዓት የተባለው ማጽዳት ሦስት ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይሆናል። መብራት መሀል ላይ ካልሄደ ማለታችን ነው።)

ወፎቹ

ከማሽኑ ሌላ የሚሞት ነገር አለ፤ የቤት ወፍ። በቀቀንና ካናሪ የሚያረቡ ሰዎች ይህን ቁልፍ እንደ ጠላት ነው የሚያዩት። የማያጣብቅ መጥበሻ የሚለበጥበት ‹‹ቴፍሎን›› ከልክ በላይ ሲግል የሚተፋው ጢስ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። ኦቨኑ ውስጥ እንዲህ የተለበጠ ዕቃ ረስተው ቁልፏን ከተጫኗት ወፏ አለቀላት። ቅባቱ ሲቃጠል የሚወጣው ጢስም ብቻውን ለእሷ ክፉ ነው። ለዚህም ነው የብዙ ኦቨን መመሪያ ወፎችን ወደ ሌላ ክፍል አውጡ ብሎ የሚያስጠነቅቀው። የወፍ ሳንባ ከእኛ በላቀ ሁኔታ አየርን አሟጦ ይጠቀማል፤ መርዙንም እንደዚያው። እንግሊዞች በከሰል ማዕድን ጉድጓዶቻቸው እስከ 1986 ድረስ ካናሪ ይዘው ይወርዱ የነበሩት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ወፏ ከወደቀች ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፣ ሰውም ይውጣ ማለት ነው። በኩሽናው ጉዳይ ከዚህ የምንወስደው፣ ቁልፏ ከተነካች መስኮት ይከፈት፣ ሕፃንና አስም ያለበት ሰው ከቤት ይራቅ የሚለውን ነው።

ለማን ነው የቀለለው?

ፒ-7 በወጣበት በዚያው በ1963 ቤቲ ፍሪዳን የአሜሪካን የቤት እመቤት ብሶት የሚተርከውን ‹‹ዘ ፌሚኒን ሚስቲክ›› አሳተመች። አንድ ዓመት፣ ሁለት መልስ፤ ኩባንያው ‹‹ሥራሽን አቀለልንልሽ›› ይላታል፣ ፍሪዳን ‹‹ችግሩ ኦቨኑ አይደለም›› ትላለች። ከ20 ዓመት በኋላ በ1983 የታሪክ ምሁሯ ሩት ሽዋርትዝ ኮዋን በመጽሐፏ ሒሳቡን ስትሠራው፣ የቤት ማሽኖች የሥራውን ክብደት ቢቀንሱም የእናትን የሥራ ሰዓት እንዳልቀነሱ አሳየች። ቀድሞ ባልና ልጆች፣ ሠራተኞችም ይጋሩት የነበረው ሥራ ማሽኑ ሲመጣ ተጠቃሎ እሷ ላይ ወደቀ፤ የንጽሕናው መለኪያም አብሮ ከፍ አለ።

እዚህ ላይ እኛን የሚነካን ነገር አለ። ኮዋን የጻፈችው የቤት ሠራተኛ ከመካከለኛው መደብ ቤት ስለጠፋችበት አሜሪካ ነው። ቤይሩትና ሪያድ ግን ማሽኑ ሲገባ ሠራተኛዋ አልወጣችም፤ እንዲያውም ከእኛው አገር፣ ከወሎና ከጅማ፣ በብዛት ተወሰደች። እንዲህ ባለ ቤት ኦቨኑ ራሱን ቢያጸዳ ባያጸዳ ማን ግድ ይለዋል? ኮስቲክ ሶዳውን የምትይዘው እጅ የእመቤቲቱ አይደለችም። የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 የጸደቀው በ2011 ነው፤ ኦቨኑ ከተፈለሰፈ ከ48 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ለመጥበሻው ሳጥን የሚቀድም ጥበቃ ተገኝቶለት ነበር።

ኩባንያዎቹ ራሳቸው ከእሳቱ ወደ ውሃ መመለስ ጀምረዋል። በ2016 የጄኔራል ኤሌክትሪክን የቤት ዕቃ ክፍል የቻይናው ሃይር ገዝቶታል። በየሱቁ ከሚሸጡት ኦቨኖች ብዙዎቹ ደግሞ በእንፋሎት ብቻ፣ ወይም ከእሳቷ ቁልፍ ጎን በእንፋሎት ጭምር የሚጸዱ ናቸው። ጥቂት ውሃ ወለሉ ላይ ይፈስሳል፣ ኦቨኑ ለብ ብሎ ይሞቃል፣ ቅባቱ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ሰው ጎንበስ ብሎ በጨርቅ ይጠርገዋል።

አሮጌ ኦቨን ያላችሁም ብትሆኑ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለንም። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ለውሳችሁ ማሞቂያውን ሳትነኩ ግድግዳውን ቀቡት፣ አሳድሩት፣ ጠዋት ኮምጣጤ ረጭታችሁ በእርጥብ ጨርቅ አንሱት። ‹‹የለም፣ እኔ ቁልፏን ነው የምጫነው›› ካላችሁም ወፍራሙን ቅባት አስቀድማችሁ ፋቁት፤ ፍርግርጎቹንም አውጡ፣ ከውስጥ ከቀሩ ወዛቸው ይጠፋና ሲስቧቸው ይንቋቋሉ።