የዙሪያ ክትባት

ፈንጣጣ ገብቷል፤ ያለው ክትባት ግን ለአውራጃው ሰው ሁሉ አይበቃም። ማን ይከተብ? የጤና ባለሙያዎች «ሪንግ ቫክሲኔሽን» የሚሉት ስልት የተወለደው ከዚህ ጭንቀት ነው። በአማርኛ «የዙሪያ ክትባት» ብንለው ሥራውን ይገልጸዋል፤ የሚከተበው በሕመምተኛው ዙሪያ ያለው ሰው ነውና።

መጀመሪያ ሕመምተኛው ተፈልጎ ይገኝና ለብቻው ይቆያል። ከዚያ አብረውት የሚኖሩት፣ ያስታመሙትና ሊጠይቁት የመጡት እየተመዘገቡ ይከተባሉ። ቀጥሎ ተራው ከእነሱ ጋር የሚገናኙት ነው። ቫይረሱ የሚሄድበት ሰው ያጣል።

እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ አሜሪካዊው ሐኪም ዊሊያም ፌጊ ምሥራቅ ናይጄሪያ ውስጥ ክትባት አጠረው። በየቦታው ያሉ ሚስዮናውያንን በሬዲዮ እየጠየቀ ፈንጣጣ የታየባቸውን መንደሮች ለየ፤ ያለችውንም ክትባት እዚያ አዋላት። ብዙ ሰው ገና ሳይከተብ ወረርሽኙ ቆመ።

ፈንጣጣ ለዚህ ስልት የሚመች ጠባይ ነበረው። ሽፍታው ፊትና እጅ ላይ ስለሚወጣ አይደበቅም፤ ሽፍታው ከመታየቱ በፊትም እምብዛም አይተላለፍም። ከበሽተኛው ጋር የተነካካ ሰው እንኳ በሦስት በአራት ቀን ውስጥ ከተከተበ ብዙውን ጊዜ ከበሽታው ይተርፋል፤ ቢታመምም ይቀልለታል።

በእኛ አገር የማጥፋት ዘመቻው በ1971 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። መኪና የማይደርስበት መንደር ብዙ ነበርና ከታቢዎቹ በእግር ተጓዙ። ፈንጣጣ የወጣበት ሕፃን ፎቶ ያለበትን ካርድ እያሳዩ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የት እንዳለ ይጠይቁ ነበር። መርፌዋ ጫፏ እንደ መንሽ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ክትባቱ ውስጥ ትነከርና ክንድ ላይ 15 ጊዜ ያህል ፈጠን ፈጠን ተደርጋ ትወጋለች። አገራችን ውስጥ የነበረው የፈንጣጣ ዓይነት የሚገድለው ጥቂቱን ስለነበር፣ «ለዚህ ብዬ ልከተብ?» የሚለው ብዙ ነበር። እንዲያ ያለውን ሰው ማሳመን ከመንገዱም ይከብድ እንደነበር አምናለሁ። የመጨረሻው የኢትዮጵያ ሕመምተኛ በነሐሴ 1976 እ.ኤ.አ. ኦጋዴን ውስጥ ተገኘ። በ1980 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ።

ስልቱ ከፈንጣጣ ጋር አልቀረም። በ2015 እ.ኤ.አ. ጊኒ ውስጥ አዲሱ የኢቦላ ክትባት የተሞከረው በዚሁ መንገድ ነው፤ ወዲያው ከተከተቡት መካከል ከአሥር ቀን በኋላ በኢቦላ የታመመ አልተገኘም።

ለኩፍኝ ግን በዙሪያ ክትባት ብቻ መተማመን አይቻልም። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን ቀድሞ ያስተላልፋል። እናቱ ጤና ጣቢያ ስታደርሰው ጎረቤቱ ምናልባት ተይዟል። ስለዚህ ኩፍኝ የሚገታው ከመቶው 95ቱ ያህል አስቀድሞ ሲከተብ ነው፤ በአገራችንም ሕፃናት በ9 ወርና በ15 ወር የሚከተቡት ለዚህ ነው።