ሦስት ወንዝ የከበበው ደጋ

ደሴት ሲባል ቶሎ የሚታየን ውሃ መሀል ያለ መሬት ነው፤ በጣና ላይ ያሉት ገዳማት፣ ወይም ከባሕር ጋር ሲታገሉ የሚኖሩ የሩቅ አገር የአሸዋ ደሴቶች። በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ረጃጅምና ጠባብ የአሸዋ ደሴቶች ተደርድረው ከኋላቸው ላለው የብስ መከታ ይሆናሉ። ስለ እነዚህ ደሴቶች የሚገርመው ባሕሩን አለማገዳቸው ነው። ማዕበሉን ይሰብሩታል እንጂ ውሃው በየመሀላቸው ባሉ በሮች ይገባል፣ ይወጣል፤ ይዞት የመጣው ደለልም ከኋላቸው ባለው ጸጥ ያለ ውሃ ውስጥ ይተኛል። ከከላላ እስከ መካነ ሰላም፣ ከወግዲ እስከ አማራ ሳይንት የተዘረጋው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ባሕር አይቶ አያውቅም። ታሪኩን ግን በዚህ ዓይነት ደሴት መስሎ ማየት ብዙ የተምታታ ነገር ያጠራል። ይህን ምድር የከበቡት ሸለቆዎች ከማንም አልደበቁትም። የሚመጣውን አዘገዩት፤ የመጣውን ደግሞ እንዳይመለስ አድርገው አስቀሩት።

አስቀድሞ መሬቱን እንየው። በሰሜን በሽሎ፣ በምዕራብ ዓባይ፣ በደቡብ ጀማና ገባሩ ወንጪት አሉ። የጥንቱ የቤተ አማራ ወሰን ሲነሳ የሚጠሩት ወንዞች እነዚሁ ናቸው። በምሥራቅ በኩል ይህን የሚያህል ወንዝ ስለሌለ «አንድ ጎኑ ክፍት የሆነ ደሴት የለም» ብሎ የሚከራከር ይኖራል። ትክክል ነው፤ ነገር ግን በዚያ በኩል የለጋምቦ ከፍተኛ ሜዳ አለ፣ ገብስ እንኳ በውርጭ የሚመታበት። ለመንገደኛው በሦስቱ ጎን ሙቀት፣ በአራተኛው ብርድ ይጠብቀዋል። የደጋው ገጽ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ አለት የተነጠፈ ስለሆነ ላዩ ላይ ለቆመ ሰው ማለቂያ የሌለው ሜዳ ይመስላል። አፋፉ ላይ ሲደርስ ግን ሜዳው በድንገት ያበቃል። ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር የኖራና የአሸዋ ድንጋይ ተነባብሮ ይታያል፤ ዓባይም ከአፋፉ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይፈሳል። ማለዳ ጋቢ ደርቦ ቁልቁለቱን የጀመረ ሰው ቀትር ላይ ግራር ሥር ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል። የደጋ ሰው ከገደሉ ይልቅ የሚፈራው ንዳዱን ነበር፤ ቆላ ወርዶ ማደር ወባ ይዞ መመለስ ማለት ነበርና። ክረምት ሲገባ መልካው ሁሉ ይዘጋል። ውሃው ሲጎድል ዋናተኛ ስልቻ ነፍቶ፣ ጭነቱን በላዩ አስሮ፣ ከብቱን እየነዳ ያሻግራል። የደጋው ሆድ ራሱ ደህና አይደለም፤ የወለቃ ወንዝ ሰንጥቆት ወደ ዓባይ ይወርዳል፣ የመካከለኛው ዘመን ጽሑፎች ወለቃ የሚሉት ግዛትም ስሙን የሚጋራው ከዚሁ ወንዝ ጋር ነው። (የከላላን ስም «ከለላ» ከሚለው ቃል ጋር ማያያዝ ለዚህ ጽሑፍ በጣም ይመች ነበር። የድምፅ መመሳሰል ማስረጃ ስላልሆነ ትቼዋለሁ።)

ነገሥታቱ ይህን መሬት እንደ አጥር ማየታቸውን የሚያሳይ ምስክር አለ። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ከአማራ ወደ ሸዋ ሲሻገር ያየውን ጽፏል። መንገዱ በጠባብ ጠርዝ ላይ ወደ ጥልቅ ሸለቆ ይወርዳል፤ በመንገዱም ላይ በሮች አሉ፤ በሮቹ የአማራን ግዛት ከሸዋ ይለያሉ። አንደኛውን መተላለፊያ በራሱ አጻጻፍ «አኪ አፋጊ» ብሎ መዝግቦ ትርጉሙ የአህያ ሞት ነው ይላል። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ያነበዋል፤ አህያ ፈጅ ነው። ይህ ስም ከብዙ የዜና መዋዕል ገጽ በላይ ይናገራል። ስሙን ያወጣው ሲራራ ነጋዴ ወይም አህያ ነጂ መሆን አለበት፤ ንጉሥ በሩን ሲያይ ጠባቂና ቀረጥ ያስባል፣ ነጋዴው ግን የሚቆጥረው ገደል የገባበትን ጭነት ነው። ከበሮቹ ወዲህ ያለው ምድር የከበረ ነገር ሁሉ የሚቀመጥበት ጓዳ ሆኖ ነበር። የነገሥታቱ ወንድሞችና ልጆች በግሸን አምባ ይጠበቁ ነበር። ዐፄ በእደ ማርያም አትሮንሰ ማርያምን፣ ዐፄ ናዖድና ዐፄ ልብነ ድንግል መካነ ሥላሴን ያሠሩት በዚሁ አገር ነው። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዘመን መካከል የኖረው የመጽሐፈ ምሥጢር ደራሲ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫም ትምህርቱን በሐይቅ እስጢፋኖስ ቢማርም፣ የሚጠራበት ጋሥጫ ቦረና ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ትልቁ ተቃውሞ ይመጣል። አጥሩ አጥር ከነበረ እ.ኤ.አ. በ1531 ምን ሆነ? የአዳሉ መሪ ኢማም አሕመድ (ግራኝ) ከደቡብ መጥቶ ሸለቆዎቹን ተሻገረ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ መካነ ሥላሴ ተቃጠለ፤ የዘመቻው ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ አንዱን ቤተ ክርስቲያን ከሌላው አስከትሎ የተዘረፈውን ወርቅ ይቆጥራል። ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ ሸለቆው ለምንም አልጠቀመም ይላል። እኔ ግን የዐረብ ፈቂህ ትረካ ተቃራኒውን የሚያሳይ ይመስለኛል። ልብነ ድንግል ሠራዊቱን በየመተላለፊያው ከፋፍሎ ማቆሙ መከላከያው በሮቹ እንደነበሩ ይመሰክራል፤ በር ያለው አጥር ደግሞ በአንድ በኩል ከተሰበረ በሌሎቹ በሮች ያለው ዘበኛ ጥቅም የለውም። ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ይከብዳል። ያን ያህል ሀብት በአንድ ቦታ የተከማቸው ቦታው አይደፈርም ተብሎ ስለታመነ ነው። አጥሩ ሀብቱን ሰበሰበ፤ በሩ ሲከፈት ለገባው ሰው የተሰበሰበ አድርጎ አቀረበለት። ታቦትና መጽሐፍ ተሸክሞ ገደል መውረድ ቀላል ስላልሆነም ብዙው በያለበት ተገኘ። ንጉሡ ራሳቸው አመለጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1540 ደብረ ዳሞ ላይ እስኪሞቱ ድረስ ግን ሲንከራተቱ ኖሩ። ግሸን በበኩሏ ወዲያው አልተያዘችም፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1540 ድረስ ቆይታለች። በትልቁ አጥር ውስጥ ያለችው ትንሿ አጥር ዘጠኝ ዓመት ያህል ዘገየች ማለት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ዐፄ ገላውዴዎስ ተድባበ ማርያምን ሲያሠሩ የመረጡት ቦታ ይኸው ሳይንት ነው። በገደሉ ላይ የነበረው እምነት ከዚያ ሁሉ እሳት በኋላም አልጠፋም ነበር።

ቀጥሎ የመጡት ኦሮሞዎች ናቸው፤ የነሱ ታሪክ ክርክሬን ከምንም በላይ ያጠናክረዋል። በ16ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ በጦርነት የሳሳውን ምድር ገብተው ያዙት። ዛሬ ወረዳዎቹን በስም ስንጠራ የምናነበው የእነሱን የጉዞ መዝገብ ነው። ቦረና የነገድ ስም ነው፤ ወሎም እንዲሁ። ለጋምቦና ለጋሂዳ ሁለቱም የሚጀምሩት በኦሮምኛ ወንዝ ማለት በሆነው «ለጋ» ነው። በአማርኛ የወንዝ መሻገሪያን የምንጠራበት «መልካ» እንኳ የዚያው ቋንቋ ቃል ነው። አንድ ሕዝብ አዲስ አገር ገብቶ መጀመሪያ ስም የሚያወጣለት ያስቸገረውንና ያሻገረውን ነገር ነው። ልብ የሚባለው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የመጡት አልተመለሱም፤ የነበሩትም ጨርሰው አልወጡም። ልጅ ልጆቻቸው በአማርኛ ይናገራሉ፣ በኦሮምኛ ስም በተጠራ መሬት ያርሳሉ፤ አንዱ መስጊድ፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ በሠርግና በለቅሶ ግን አንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣሉ። ይህን መቀላቀል በሕዝቡ ደግነት ብቻ የሚያስረዱ አሉ። ደግነቱን አልክድም። ቢሆንም ተጣልቶ ርቆ መሄድ ሁለት ቀን ገደል መውረድና መውጣት በሚጠይቅበት አገር ታርቆ መኖር ብልህነትም ነው። ደለሉ ከደሴቱ ጀርባ እንደሚተኛ፣ እዚህም የገባው ሁሉ አንዱ በሌላው ላይ ተነባብሮ ቀረ።

ሸለቆው ምን ያህል እንደሚያዘገይ በቁጥር ማየት የፈለገ ወደ ሰሜኑ ጠርዝ ይሂድ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ሆኖ ነበር። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፋቸውን ሴባስቶፖልን በሠረገላ እያስጎተቱ፣ በጅዳና በበሽሎ ሸለቆዎች መንገድ እየቀደዱ፣ ራሳቸውም ከሰው ጋር ድንጋይ እየፈነቀሉ ነው የሄዱት። ሰው ቁልቁለት ላይ መድፍ ሲጎትት ዋናው ሥራ መሳብ ሳይሆን ወደ ኋላ መያዝ ነው፤ ጠፍሩ ቢበጠስ መድፉ ፊት ያለውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። ያንን ቁልቁለት ጨርሶ ወንዙን የተሻገረ ሠራዊት ደግሞ አቀበቱ ገና ይጠብቀዋል። ለአንድ አጋሰስ ነጋዴ የጥቂት ቀን መንገድ የነበረው ለንጉሥ መድፍ ግማሽ ዓመት ፈጀ። በአንጻሩ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ናፒየር ከዙላ ጠረፍ ተነሥቶ ከህንድ ባስመጣቸው ዝሆኖች መድፉን አስጭኖ ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ደረሰ። ይህ የሚያፈርሰው ክርክሬን አይደለም፣ ያስተካክለዋል እንጂ። የሸለቆው ጥልቀት የሚለካው በሜትር ብቻ አይደለም፤ በተሻጋሪው ገንዘብም ይለካል። ናፒየር ካለፈባቸው መንገዶች አንዱ፣ በበሽሎ በኩል ያለው፣ ቴዎድሮስ የቀደዱት ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን እሮጌ ላይ ጦርነቱ ሆነ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ በመቅደላ ራሳቸውን ገደሉ።

የሰውን ታሪክ ትተን ወደ አራዊቱ ብንመጣም ያው ሕግ ይሠራል። ከመካነ ሰላም አቅራቢያ ያለው የደንቆሮ ጫካ (ስሙ ለእንግዳ ያስቃል) በ2001 ዓ.ም. የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከለለ። ያኔ የተከለለው 4,375 ሄክታር ሲሆን ከ1,900 እስከ 3,699 ሜትር ከፍታ አለው። ታች ወይራና ጽድ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከዚያ አስታ፣ ጫፉ ላይ ጓሳና ጅባራ። ጭላዳ ዝንጀሮ ቀን ሜዳው ላይ ቁጭ ብሎ ሣር እየነጨ ይውላል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጁን በጀርባው አዝሎ ሰው እግሩን የማያሳርፍበት የገደል ጠርዝ ላይ ወርዶ ያድራል። ለእሱ ገደሉ መኝታው ነው። ቀይ ቀበሮ ግን እንደዚያ አይደለም። በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ሲሆን የሚኖረው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ፍልፈልና አይጥ የሚያድንበት የውርጭ ሜዳ ይፈልጋል። በበረዶው ዘመን፣ ብርዱ ወደ ታች በወረደበት ጊዜ፣ እነዚህ ሜዳዎች ሰፊና ተቀራራቢ ነበሩ። ዓለም ሲሞቅ ሣሩ ወደ ተራራ ጫፍ አፈገፈገ፤ ቀበሮው አብሮት ወጥቶ በባሌ፣ በአርሲ፣ በስሜን፣ በመንዝና በወሎ ተራሮች ተበትኖ ቀረ። የደቡብ ወሎው ቀበሮ በደሴት ላይ ያለ ደሴት ነዋሪ ነው።

የዱር እንስሳት ነገር የሚገባቸው ሰዎች እዚህ ላይ ያቋርጡኛል። ጫካውን ያቆየው ሰው ነው፣ ጥበቃ ነው እንጂ ገደል አይደለም ይላሉ፤ የመንዝ ጓሳ በቄሮ፣ ማለትም ሕዝቡ ሣሩን በጋራ ደንብ በሚጠብቅበት የቆየ ሥርዓት፣ ለዘመናት መጠበቁን ይጠቅሳሉ። ምስክራቸው ጠንካራ ነው፤ ገደል ብቻውን ጫካ አያቆይም፣ ያማ ቢሆን የዓባይ ዳር ሁሉ ደን በሆነ ነበር። ግን ሁለቱ አይጣሉም። ሰው የሚጠብቀው ለመጠበቅ የሚቻለውን ነው፤ ሦስት ጎኑ ዳገትና ገደል የሆነ ጫካ ደግሞ ለጥበቃ ይመቻል። ይልቅ የሚያሳስበው የአጥሩ መለወጥ ነው። ዛሬ ቀበሮውን የከበበው ወንዝ አይደለም፤ የገብስ ማሳ ነው። በማሳው ዳር ያለው ውሻም እብደትን ያመጣበታል፤ በባሌ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎችን እንደፈጀ ይታወቃል። በባሌ ብዙ ስለሆነ አገገመ። በጥቂት ቤተሰብ በሚቆጠር መንጋ ላይ ያው በሽታ ቢወርድ ከየት መጥቶ ይተካዋል? አጥሩ የመጣው ሁሉ እንዳይመለስ ያደርጋል ብለናል፤ ከጠፋ ደግሞ ሌላ እንዳይመጣ ያደርጋል።

አሁን ደጋው በአዲስ በር እየተከፈተ ነው። ከደሴ በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም የሚደርሰው መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ውስጥ ጉንደወይን እንዲገባ ታቅዶ ተሠርቶበታል። ድሮ ሰባራ ድልድይ ከሚባለው ታች እስከ ደጀን መሻገሪያ ድረስ ባለው ረጅም የዓባይ ክፍል ለመኪና የሚሆን ድልድይ ለብዙ ዘመን አልነበረም፤ የነበሩት መልካዎች ናቸው። መንገዱን እቃወማለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ገደል ስትወጣ ያላየ ነው። ነገር ግን ድልድይ ሲሠራ መልካው ይረሳል፣ ከመልካው ጋርም ስሙ። አልቫሬዝ አህያ ፈጅን ባይመዘግብ ኖሮ ያ በር በነጋዴ ዓይን ምን ይመስል እንደነበር የሚነግረን አልነበረም። በከላላ፣ በወግዲ፣ በቦረናና በሳይንት የምታስተምሩ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ወደ ዋናተኞቹና ወደ ድሮ ነጋዴዎቹ ላኳቸው፤ የየመልካውን ስም፣ በየትኛው ወር እንደሚከፈት፣ ማን ያሻግር እንደነበር ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ ይጻፉት።